ምዕራፍ 6፦ ከእምብርት በታች

አንዲት ሴት እናስብ። ዕድሜዋ 34 ነው፤ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷ በወሎ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። ከእምብርቷ በታች ማመም ከጀመራት ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወደ ሐይቅ ከተማ ለሕክምና ስትመጣ አንድ ፌስታል ትይዛለች፤ ካርዱ፣ የላብራቶሪው ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣው ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጭቋል። አንዱ ታይፎይድ ይላል፤ አንዱ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፤ አንዱ አሜባ፤ ሁለቱ የማህፀን ኢንፌክሽን። የአልትራሳውንዱ ወረቀት ጤናማ ናት ይላል። በሰፈርም የየራሱ ስም ተሰጥቶታል። አማቷ ብርድ ነው ትላለች፤ ጎረቤቷ በአራስነቷ የመታት ምች ነው ትላለች። ጠበሉም ዱኣውም ተሞክሯል። ባሏ በበኩሉ ማማረር ለምዳ ነው ወደማለቱ አዘንብሏል።

ይህች ሴት በስም የምትታወቅ አንዲት ሰው አይደለችም፤ የብዙ ሴቶች ታሪክ ተገጣጥሞ ለምሳሌ የቆመች ናት። ወረቀቶቿ ሁሉ መልስ ይዘዋል። መቼ እንደሚያማት፣ ምን ስትሠራ እንደሚብስባት፣ ምን ሲሆን እንደሚተዋት የሰፈረበት ግን አንድም የለም።

ሐኪሞች ከእምብርት በታች የሚሰማንና ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው፤ የእንዲህ ያለ ሕመም ምንጭ የሚገኘው በመጀመሪያ ደረጃ በሥርዓት ከተጠየቀና በወረቀት ላይ ከሰፈረ የሴቲቱ ታሪክ ነው። የእጅ ምርመራ ሁለተኛ ይመጣል። መሣሪያው ሦስተኛ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ወረቀት ይበዛል፤ ሕመሙም ይቀጥላል።

ሕመሙ ለምን አድራሻ ያጣል?

እግራችንን እሾህ ሲወጋን ጣታችንን በትክክል ቦታው ላይ እናሳርፋለን። የሆድ ዕቃ ግን እንዲህ አይደለም። የማህፀን፣ የፊኛና የታችኛው አንጀት ነርቮች ወደ ህብለ ሰረሰር የሚገቡት በጥቂት የጋራ በሮች ነው። ከአርዲቦ በጀሪካን የተቀዳን ውኃ ቀምሶ ከየትኛው ጅረት እንደወረደ መናገር እንደማይቻል ሁሉ፣ አንጎልም በእነዚህ በሮች የደረሰውን የሕመም መልእክት ላኪው ማን እንደሆነ በቅጡ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ፊኛዋን የሚያማት ሴት «ማህፀኔን» ትላለች፤ አንጀቷን የሚያማትም እንዲሁ። ከሆድ ግድግዳ ጡንቻ የሚነሣው ሕመም እንኳ ከውስጥ የመጣ ይመስላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይረዳም። «መቼ?»፣ «ምን ስትሆኚ?»፣ «ምን ያስታግስሻል?» የሚሉት ግን ያንኑ የተቀላቀለ መልእክት መልሰው ይለያዩታል። ፊኛ የሚያመው ሲሞላ ነው፤ አንጀት የሚያመው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ጡንቻ የሚያመው ሲሠራ ነው፤ የማህፀን ሽፋን የሚያመው ወር ሲደርስ ነው። እያንዳንዱ አካል የራሱ ልማድ አለው፤ የሚያጋልጠውም ልማዱ ነው።

ቀን መቁጠር

የመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙ ከወር አበባ ጋር ይመላለሳል ወይስ አይመላለስም የሚል ነው። ሐኪሞች ለሁለት ለሦስት ወር ማስታወሻ መያዝን ይመክራሉ። ማንበብና መጻፍ ለማትችል ሴት ይህ የማይሆን ነገር ይመስላል፤ ግን ወሎ ቀን የሚቆጠርበት አገር ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ መሆኑን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። ሙስሊሟ ሴት ደግሞ በረመዳን ወር አበባ ላይ ሆና ያልጾመቻቸውን ቀናት ቀዷ ማውጣት ስላለባት ቆጠራው ከእጇ አይወጣም። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ «የሚካኤል ለት እንዴት ነበርሽ? ለማርያምስ?» ብላ ብትጠይቅ ከብዙ ቅጽ የተሻለ መልስ ታገኛለች።

አንድ መጠንቀቂያ አለ። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ነው፤ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ዙር ግን ወደ 28 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ በዚህ ወር በሚካኤል የጀመረ ሕመም በሚቀጥለው ወር በ10 ይጀምራል፤ ከዚያም በ8። ለሴቲቱ «ቀን የለውም፣ እንዳሻው ነው የሚመጣው» ያስብላታል። ጠያቂው ይህን ካላወቀ ወር ጠብቆ የሚመጣውን ሕመም ሥርዓት የለሽ ብሎ ይመዘግበዋል።

ከወር አበባ ጋር ከሚመላለሱት ሕመሞች በጣም የሚታወቀው ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል ከረጢት፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ በአንጀትና በፊኛ ላይ ይበቅላል፤ በየወሩም ይቆጣል። አሜሪካዊው ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የወር አበባ ደም በማህፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ሲፈስ ሕዋሳቱን ይዘራቸዋል የሚል ማብራሪያ አቀረበ። ማብራሪያው ዛሬም ይጠቀሳል፤ ነገር ግን በብዙ ጤናማ ሴቶችም ደሙ ወደ ኋላ ስለሚፈስ ነገሩን ብቻውን አይፈታውም። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር አለባቸው ይላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ስሙ እስኪሰጠው ድረስ በየአገሩ ከ4 እስከ 12 ዓመት ይፈጃል።

ይህን ያህል የሚዘገየው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው «የወር አበባ ያማል፤ ሴት ናት፣ ትችለዋለች» የሚለው እምነት ነው፤ ይህን እናትም ሐኪምም እኩል ያምናሉ። ሁለተኛው ደግሞ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ያሉት ስስ ቁስሎች በተለመደው አልትራሳውንድ አለመታየታቸው ነው። በዚያ ላይ የቁስሉ ስፋትና የሕመሙ ብርታት አይመጣጠኑም። ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያላት ሴት አልጋ ልትይዝ ትችላለች፤ ሆዷ በቁስል የተሞላ ሌላዋ ደግሞ የምትመረመረው መውለድ ስላቃታት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዘመዱ አዴኖማዮሲስ ነው። በዚህኛው ያው ሕብረ ሕዋስ የሚገኘው በራሱ በማህፀን ጡንቻ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ35 እስከ 50 ባለው ዕድሜ፣ በወለዱ ሴቶች ላይ ነው፤ ወር አበባው ይበዛል፣ ይረጋል፣ ያምማል። ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢም ደም ያበዛል፤ ሲያድግ ደግሞ ፊኛንና አንጀትን ይጫናል። ማዮማን አልትራሳውንድ በደንብ ያሳየዋል፤ ቀላል አዴኖማዮሲስን ግን ልምድ የሌለው ዓይን ያልፈዋል።

የምሳሌያችንን ሴት ስንጠይቃት ሁለት ዓይነት መልስ ትሰጣለች። የወር አበባዋ ከመምጣቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሚጀምር፣ ወገቧን የሚቆርጥ ሕመም አላት፤ ደሙም ከመጨረሻው ልጇ ወዲህ በዝቷል። ከዚህ ሌላ ግን ወር ቢመጣም ባይመጣም የማይለቃት ሕመም አለ። ሁለተኛውን ለጊዜው እናቆየው።

ለመጀመሪያው ግን በአቅራቢያዋ ጤና ኬላ ውስጥ አንድ መፈተኛ ተቀምጦላታል። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካገቡት ኢትዮጵያውያት ውስጥ ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 35 በመቶ ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የሚወስዱት የሦስት ወሩን መርፌ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን መርፌ የምትሰጠው እርግዝናን ለመከላከል ነው። ያው ሆርሞን ግን የኢንዶሜትሪዮሲስ ሕመም መድኃኒትም ነው፤ ከቆዳ ሥር የሚሰጠውን ዓይነት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ሕመም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቶሎ ለመፀነስ ለማታስብ ሴት መርፌውን ወይም እንክብሉን ለጥቂት ወራት መሞከር የወር ሕመሟን ካቀለለው አቅጣጫ ያሳያል። ማቅለሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሕመሙ ሆርሞን የሚያዘው መሆኑን ግን ይነግረናል። በዚያ ላይ መርፌው የወር አበባን ሊያዛባ፣ ሲቆምም መፀነስን ለወራት ሊያዘገይ እንደሚችል ቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

ስድስተኛው ዙር ፀረ ተህዋሲያን

ፌስታሏ ውስጥ ያሉት ሁለት ወረቀቶች የማህፀን ኢንፌክሽን የሚሉ ናቸው። እንዲህ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ላብራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ የአባላዘር በሽታ የሚታከመው በምልክት ነው፤ ከእምብርት በታች ያመኛል የምትል ሴትም ከምልክቶቹ በአንዱ ውስጥ ትወድቃለች። ይህ አሠራር ትክክለኛ ነው፤ ጎኖሪያና ክላሚዲያ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦ ከወጡ በፍጥነት መታከም አለባቸው፤ ዘግይቶ ከታከመ መካንነት ያስከትላል፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናንም ያበዛል።

ስህተቱ የሚመጣው መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር ነው። አጣዳፊ ኢንፌክሽን የሚያመው በቀናት ውስጥ ነው፤ ትኩሳትና ያልተለመደ ፈሳሽ ሊኖረው ይችላል፤ በእጅ ሲመረመር የማህፀን በር መነካቱ ራሱ ያስጮሃል። ተገቢው መድኃኒት ከተጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ መሻል ይጠበቃል። ካልተሻለ ምርመራው እንደገና መታየት አለበት። ሦስት ዓመት የቆየ፣ ትኩሳትም ፈሳሽም የሌለው፣ መድኃኒት ተወስዶ ያልተለወጠ ሕመም ሌላ ዙር ዶክሲሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል አያስፈልገውም፤ ሌላ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። ታክሞ የነበረና ተመልሶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ባልየው መታከም አለመታከሙ ይጠየቅ።

በሌላ በኩል እውነተኛ ኢንፌክሽን ከዳነ በኋላም ጠባሳው ሊቀር ይችላል። የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሴቶች ከሦስት አንዷ የምትሆነው በኋላ ሥር የሰደደ ሕመም ይተርፋታል። ተህዋሲያኑ ሞተዋል፤ የተጎዳው ቱቦና የተቆጣው ነርቭ ግን አለ። ለእርሷም ቢሆን ተጨማሪ ፀረ ተህዋሲያን አይፈይድም።

ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች ሌላም ኢንፌክሽን መርሳት የለብንም፤ የማህፀን ቲቢ። ባክቴሪያው ከሳንባ በደም ተጉዞ ቱቦዎች ላይ ይሰፍራል፤ ለዓመታትም ሳይነቃ ይቆያል። ሴትዮዋ ላታስል ትችላለች፤ የደረት ራጅዋም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የሆድ ሕመም፣ የወር አበባ መቅረት ወይም መዛባት፣ አለመውለድ፣ ክብደት መቀነስ ሲገጣጠሙ፣ ወይም በቤተሰቧ የቲቢ ታማሚ ከነበረ፣ ከማህፀን ሽፋን ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።

ሐይቁስ?

ልብስ ለማጠብ፣ ከብት ለማጠጣት፣ ውኃ ለመቅዳት በየቀኑ ከአርዲቦ ዳር ለምትቆም ሴት ሐይቁን መጠርጠር ተፈጥሯዊ ነው። ቢልሃርዚያ በዚህ አካባቢ አለ፤ በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በተደረገ የሰገራ ምርመራም ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ቢልሃርዚያ አለ። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በብዛት የሚገኘው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ነው። የማህፀንን በር የሚያቆስለውና ሽንትን ደም የሚያደርገው ሌላው ዓይነት ደግሞ የቆላ በሽታ ነው፤ የሚታወቀው በአዋሽ የታችኛው ሸለቆና በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች ነው። ስለዚህ ከአርዲቦ ዳር ፈቀቅ ብላ ለማታውቅ ሴት የሰገራ ምርመራ ይበቃታል። ወደ አፋር ቆላ ወርዳ ለኖረች ወይም ለሠራች ሴት ግን «የት የት ኖረሻል?» የሚለው ጥያቄ ሌላ በር ይከፍታል።

 

የእኛዋ ሴት ሰገራዋ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል፤ ቆላም ወርዳ አታውቅም። ሐይቁ ከጥርጣሬ ወጥቷል።

የማህፀን ጎረቤቶች

ፊኛና አንጀት ከማህፀን ጋር አንድ ጎጆ ይጋራሉ። ሽንቷ ሲጠራቀም የሚያማት፣ ሸንታ ለጥቂት ጊዜ የምታርፍ፣ ሌሊት ደጋግማ የምትነሣ፣ የሽንት ምርመራዋ ግን ተህዋሲያን የማያሳይ ሴት የፊኛ ሕመም ሊኖራት ይችላል። እንዲህ ያለችው ሴት በሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ስም ለዓመታት መድኃኒት ትውጣለች።

ሕመሟ ከሰገራ ጋር የተያያዘ፣ ሰገራዋ አንዴ የሚደርቅ አንዴ የሚቀጥን፣ ሆዷ የሚነፋና በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የሚያማት ሴት ደግሞ የተቆጣ አንጀት ይኖራት ይሆናል። በእኛ አገር ለእርሷ የሚሰጠው ስም አሜባ ወይም ጃርዲያ ነው። ጥገኛው አንድ ጊዜ ተገኝቶ ታክሞ ሕመሙ ካልሄደ፣ ያንኑ መድኃኒት መደጋገም ስሙን ያጸናው እንደሆነ እንጂ ሆዱን አያድነውም።

ክብደት የሚሰማት፣ «አንድ ነገር ወደ ታች ይጎትተኛል» የምትል፣ ጠዋት ደህና ሆና ማታ የሚብስባት፣ ስትጋደም የሚቀልላት ሴት የማህፀን መውረድ መኖር አለመኖሩ እንዲታወቅ ቆማና እያማጠች ልትመረመር ይገባል። ተኝታ ብቻ ከታየች ያልፋል። ብዙ መውለድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ከአራስነት ሳይወጡ እንጨትና ውኃ መሸከም ያመጡታል። ብዙ ሴቶች በሐፍረት ይደብቁታል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጠያቂው ነው። ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ፔሳሪ የሚባል ቀለበት አለ፤ ቀዶ ጥገናም አለ።

ጣትና ጠባሳ

ወደ ሴትዮዋ ሁለተኛ ሕመም እንመለስ። ወር ሳይጠብቅ የሚያማት በስተቀኝ በኩል፣ አራተኛ ልጇ በቀዶ ጥገና ከተወለደበት ጠባሳ ጫፍ ላይ ነው። ጀሪካን ስታነሣ፣ ከአልጋ ስትነሣ፣ ስትስል ይወጋታል። ዝም ብላ ስትተኛ ይተዋታል።

የፊላዴልፊያው ቀዶ ሐኪም ጆን ካርኔት እ.ኤ.አ. በ1926 ለዚህ የሚሆን ፈተና ጽፈው ነበር፤ የሚያስፈልገው ጣት ብቻ ነው። ሴትዮዋ በጀርባዋ ትተኛለች። ሐኪሙ ወይም አዋላጇ በጣም የሚያማትን ቦታ በጣት ጫን ትላለች። ከዚያ «እህቴ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አርጊና ራስሽንና ትከሻሽን ቀና አርጊ» ትላታለች። የሆድ ጡንቻ ሲጠነክር በስተውስጥ ያሉትን አካላት ከጣቱ ይከልላቸዋል። ሕመሙ ከቀነሰ ምንጩ ወደ ውስጥ ነው። ካልቀነሰ ወይም ከባሰ ምንጩ ራሱ የሆዱ ግድግዳ ነው፤ ጡንቻ፣ ጠባሳ ወይም በጠባሳው ውስጥ የተያዘ ነርቭ። እዚያው ነጥብ ላይ ትንሽ የማደንዘዣ መርፌ ሲሰጥ ሕመሙ ጥሎ ከሄደ ምርመራውም ሕክምናውም በአንድ ጊዜ ተገኘ ማለት ነው።

ይኸው ጣት በውስጥ ምርመራም ይሠራል። የዳሌን ወለል የሚሸፍኑት ጡንቻዎች እንደ ወገብ ጡንቻ ሁሉ ይጨማደዳሉ፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመምም፣ ፍርሃትም፣ የምጥ ጉዳትም ያጨማድዳቸዋል። የማህፀን በር ከመነካቱ በፊት በአንድ ጣት ቀስ ብሎ ጡንቻዎቹን መጫን ይህን ያሳያል። የተለመደው ምርመራ በሁለት ጣት በፍጥነት ወደ ማህፀን ስለሚያመራ ጡንቻውን ዘልሎት ያልፋል፤ ጡንቻው ያስጮሃትን ሴትም ማህፀኗ ተቆጥቷል ያሰኛታል። ጡንቻ የሚፈታው በልምምድ፣ በሙቀትና በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ነው።

ስለማይነገረው

ካልተጠየቀ የማይነገር ታሪክ አለ። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው ግርዛት ተፈጽሞባቸዋል። በአማራ ክልል የተለመደው በጨቅላነት የሚፈጸመው ነው። ከጎረቤት ወረባቦ ወረዳ በስተምሥራቅ በሚገኘው የአፋር ቆላ ደግሞ ብልትን የሚዘጋው ዓይነት ነበረ፤ እርሱ የወር ደምንና ሽንትን በማገድ በራሱ ሕመም ያመጣል። ከልጅነት ጋብቻ የመጣ የመጀመሪያ ግንኙነትም፣ ያለፈቃድ የሆነ ግንኙነትም በሰውነት ላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አምነስቲ ኢንተርናሽናል በአማራ ክልል በንፋስ መውጫ ከተማ የጾታ ጥቃት የደረሰባቸውን የ16 ሴቶች ምስክርነት አውጥቷል፤ በዚያው ወር ደሴና አካባቢዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተረፈች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መጥታ «ሆዴን ያመኛል» ብቻ ልትል ትችላለች።

ጥያቄው በር ተዘግቶ፣ ባልም አማትም በሌሉበት፣ ለሁሉም ሴት በሚቀርብ ቃል መጠየቅ አለበት፤ «እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሁሉ የምጠይቀው ነው፤ ያላሰብሽው፣ ያልፈቀድሽው ነገር ደርሶብሽ ያውቃል?» መልሱ አዎ ከሆነም ሕመሙ የጭንቅላት ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ጉዳት የደረሰበት ነርቭና የተጨማደደ ጡንቻ በእጅ የሚገኝ ነገር ነው።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

ብዙ ሴቶች ላፓራስኮፒ ቢደረግልኝ ሁሉም ነገር ይታይ ነበር ብለው ያስባሉ። በእምብርት በኩል በምትገባ ካሜራ ሆድን ማየት ኢንዶሜትሪዮሲስንና የቱቦ ጉዳትን ያሳያል፤ ለተመረጡ ሴቶችም ያስፈልጋል። ነገር ግን የብሪታንያ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ እንደሚለው፣ በዚህ ሕመም ምክንያት ከሚደረጉ ላፓራስኮፒዎች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ምንም አያሳዩም። ካሜራ የተጨማደደ ጡንቻን፣ የተያዘ ነርቭን፣ የተቆጣ ፊኛንና አንጀትን አያይም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ላፓራስኮፒ ለኢንዶሜትሪዮሲስ ምርመራ ግዴታ መሆኑን አስቀርቷል፤ ታሪኳን፣ ምርመራዋንና ምስሏን አይቶ ሕክምና መጀመር ይቻላል ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት 106 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ለአንዱ ወገን በተለመደው መንገድ መጀመሪያ ላፓራስኮፒ ተደረገ። ለሌላው ወገን ከመጀመሪያው አንሥቶ አካሉም፣ ኑሮውም፣ አመጋገቡም፣ እንቅስቃሴውም፣ ጭንቀቱም አንድ ላይ ተጠየቀ። ሁለተኛው ወገን የተሻለ ዳነ። የሆድ ዕቃ መጣበቅን በቀዶ ጥገና መፍታትም እ.ኤ.አ. በ2003 በ100 ሕሙማን ላይ ሲፈተን፣ አይቶ ዝም ብሎ ከመዝጋት አልበለጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በብሪታንያ 306 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ጋባፔንቲን የተባለው የነርቭ መድኃኒት ምክንያቱ ላልታወቀ የዚህ ዓይነት ሕመም እንደማይጠቅም አሳየ። ሦስቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ምንጩን ሳይለዩ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ወይም አንድ ቢላ አይሆንም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንጩ ከአንድ በላይ ነው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ ጉዳት የሚያስከትለው ሕመም ህብለ ሰረሰርን ራሱን ይቀይረዋል፤ ነርቮቹ ጥቂቱን መልእክት ያጎሉታል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የጀመረው ሕመም ፊኛውን ያስቆጣል፤ ፊኛው ጡንቻውን ያጨማድዳል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያከመ ሰው መድኃኒቴ አልሠራም ይላል።

የሪፈር ወረቀቱ

ሐይቅ ከተማ የምትገኝበት ተሁለደሬ ወረዳ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። መድኅኑ የሚሠራው በደረጃ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ደሴ። ሪፈር ሳትይዝ የሄደች ሴት ሙሉ ሽፋን አታገኝም። ስለዚህ ያች አንድ ወረቀት ለመድኅኑም ለሐኪሙም መግቢያ ናት። ብዙ ጊዜ ግን «የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ለተጨማሪ ምርመራ» የሚል አንድ መስመር ይዛ ትሄዳለች፤ ደሴ ያለው ሐኪምም ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሌላ አልትራሳውንድ ያዛል።

አሁን የእኛዋ ሴት የምትይዘው ወረቀት እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ዕድሜ 34፤ 4 ወሊድ፣ የመጨረሻው በቀዶ ጥገና። ሁለት ዓይነት ሕመም። አንደኛ፦ ከወር አበባ 3 ቀን ቀደም ብሎ የሚጀምር፣ ከብዙ ደም ጋር፤ አዴኖማዮሲስ ተጠርጥሯል። ሁለተኛ፦ በጠባሳው ቀኝ ጫፍ፣ ስታነሣ የሚብስ፤ ራሷን ቀና ስታደርግ ሕመሙ ጨምሯል፤ የሆድ ግድግዳ ነርቭ ተጠርጥሯል። ሽንትና ሰገራ ንጹሕ። ትኩሳትና ፈሳሽ የለም። ለማህፀን ኢንፌክሽን ፀረ ተህዋሲያን ሁለት ጊዜ ወስዳ ለውጥ የለም።» ይህን ያነበበ ሐኪም የት እንደሚጀምር ያውቃል። አልትራሳውንድ ካዘዘም ማየት ያለበትን ያውቃል።

ጥያቄው ተጠይቆ ሳያበቃ ወደ ሆስፒታል በፍጥነት መሄድ ያለባት ሴትም አለች። ወር አበባዋ ቀርቶ ድንገት ከባድ ሕመም የመጣባትና ራሷን የሳተች፤ ከፍተኛ ትኩሳት ያላት፤ ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት በኋላ የምትደማ፤ ሆዷ ውስጥ እብጠት የሚዳሰስ፤ ያለምክንያት የምትከሳ። የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ የሚበዛ ነው፤ ሕመም ማምጣቱም የመዘግየቱ ምልክት ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ሕመም ሳይኖር መደረግ ያለበት ለዚህ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ለሌሉባቸው ለሌሎቹ ግን የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የወር አበባ ቀን፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ግንኙነት፣ ሸክም፣ ወሊድና ጠባሳ፣ የኖሩበት ቦታ፣ ያልተነገረው ጉዳት፤ እነዚህን ስምንት ነገሮች መጠየቅና የጣት ፈተናውን ማድረግ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተራቸውን የሚጠብቁ ሴቶች በደጅ ለተሰለፉባት አዋላጅ ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው። ከአምስት የተሳሳተ ማዘዣ፣ ከሁለት የደሴ ትራንስፖርትና ከሦስት ዓመት ሕመም ጋር ሲተያይ ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ አዲስ ማሽን አይደለም፤ ሥር የሰደደ ሕመም ይዛ የመጣችን ሴት በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ያለ ሩጫ፣ በተዘጋ በር የሚቀበል ቀጠሮ ነው። በዚያ ቀጠሮ ላይ ምንጩ ከታወቀ በኋላ ሕክምናው እንዴት እንደሚመረጥ የሚቀጥለው ምዕራፍ ይናገራል።